የልጆች መጫወቻ ዓመታዊ ካርድ፦ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ

ካርዱን የገዛሁት ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ነው። እሑድ ነበር። በሩ ላይ "የአዲስ ዓመት ቅናሽ" የሚል ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። ሁለት ልጅና አንድ አጃቢ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ የፈለጋችሁትን ያህል፣ 16,000 ብር። ባለቤቴ "የትምህርት ቤት ሳንከፍል?" አለኝ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ማባዛት ጀምሬያለሁ።

ቦታውን በስም አልጠራውም። የምነቅፈው ነገር አለኝ፤ ደግሞም ነገሬ ስለ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ከስታዲየም ብዙ የማይርቅ የልጆች መጫወቻ ነው በሉት። ግማሹ ጣሪያ አለው፣ ግማሹ ሜዳ ነው። ውስጥ ሸርተቴ፣ ጃምፒንግና የኳስ ገንዳ። ውጭ የሚጋጩ መኪኖች፣ ትንሽ ባቡርና የሚሽከረከሩ ፈረሶች። እኔ ልጅ እያለሁ መዝናኛ ማለት ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ነበር። በዓመት አንዴ፣ ያውም አጎቴ ደስ ሲለው።

ያን ቀን የሠራሁት ሒሳብ ይሄ ነው። የአንድ ልጅ መግቢያ 450 ብር፣ የአጃቢ 100። ሦስታችን አንዴ ስንገባ 1,000 ብር። ስለዚህ 16 ጊዜ ከሄድን ካርዱ ዋጋውን መለሰ። "በወር አንዴ ተኩል እንኳ አንሄድም እንዴ?" አልኩት ባለቤቴን። እሱም ዝም አለ። ማባዛቱ ልክ ነበር። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው፣ እደርስበታለሁ።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጥፌ በሄድን ቁጥር ጭረት አደርግ ነበር። መስከረም አምስት፣ ጥቅምት አራት፣ ኅዳር ሦስት። ታኅሣሥ ሁለት፣ ጥር ሦስት። የካቲት ሁለት፣ መጋቢት አንድ፣ ሚያዝያ ሁለት፣ ግንቦት አንድ። ሰኔ ባዶ። ሐምሌ አንድ። ድምሩ 24 ነው። ጭረቶቹን ከላይ ወደ ታች ብታዩዋቸው ጋብ እያለ የሄደ ሰርግ ይመስላሉ።

መጀመሪያ ጥሩውን ልንገራችሁ፤ ጥሩ ነገር አለው።

የልጆቹ ትምህርት ቤት ከዚያ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። እኔም ከሥራ ቶሎ የምወጣባቸው ቀኖች አሉ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እቀበላቸዋለሁ፣ ገብተው አርባ ደቂቃ ይጫወታሉ፣ እንወጣለን። ይሄ አርባ ደቂቃ ያለ ካርዱ አይታሰብም። 1,000 ብር ከፍለህ አርባ ደቂቃ አትጫወትም። እስኪመሽ ትቀመጣለህ። ልጁ ደክሞት እያለቀሰ "ገና አልጠገብክም፣ ሂድ ተጫወት!" ትላለህ። እንዲህ የሚሉ ወላጆችን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዴም ራሴ ብያለሁ፣ ካርዱ ሳይኖረን። ካርዱ ከያዝን ወዲህ ትንሹ ሲነጫነጭ "እንሂድ በቃ፣ ነገ እንመለሳለን" እላለሁ። እሱም ያምነኛል። ከ24ቱ ውስጥ አሥራ አንዱ እንዲህ ያለ አጭር ጉዞ ነበር። ስለ መጫወቻው ሳስብ ትዝ የሚለኝም እሱ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ያላሰብኩት ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ባለበት የቆመ ነገር እምብዛም አላየሁም። መጫወቻውም የካቲት ላይ ጨመረ። ልጅ 600፣ አጃቢ 150። ሦስታችን 1,350 ሆንን ማለት ነው። እኛ ግን ካርዳችንን አሳይተን ገባን። ቲኬት ቆራጯ "እናንተ አተረፋችሁ" አለችኝ። እውነትም በዚህ አገር ቀድሞ መክፈል አንዳንዴ ጤፍ በጥር ገዝቶ እንደማስቀመጥ ነው።

ስለ ካልሲ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ውስጠኛው ክፍል ያለ ካልሲ አይገባም፤ ጥሩ ደንብ ነው። የሚሸጡት ካልሲ ግን 150 ብር ነው። ከሥሩ የጎማ ነጠብጣብ አለው፣ እሱም ሁለተኛ እጥበት ላይ ይላጣል። ሰንደል አድርገው በወጡ ቀን ሁለት ካልሲ፣ 300 ብር። ይሄ ሦስት ጊዜ ደርሶብኛል። አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ከቁልፌ ጋር ሁለት ጥንድ ካልሲ ይኖራል። ቢሮ ስብሰባ ላይ እስክሪብቶ ስፈልግ ወጥቶ ያውቃል።

ከዚያ ቀጭኔው አለ። የሚጋጩት መኪኖች መግቢያ ላይ ከጣውላ የተሠራ ቀጭኔ ቆሟል። አንገቱ ላይ 1.20 ሜትር የሚል ቀይ መስመር አለው። ከመስመሩ ያጠረ ልጅ አይገባም። ካርዱን የገዛን ቀን ትልቋ ስትለካ አንድ ጣት ጎደላት። በእግሯ ጣቶች ቆመች። አስተናጋጁ ልጅ ጎንበስ ብሎ ተረከዟን ቀስ አድርጎ መሬት አስነካው። "እናቴ፣ ደንብ ነው" አለኝ፣ እሷን ሳይሆን እኔን እያየ። ስለዚህ ለአራት ወር የተከፈለበትን መኪና በአጥር ስታይ ከረመች። ጥር ላይ የጥምቀት ሹሩባዋን እንደተሠራች ሄደን አለፈች። ሹሩባው አብሮ ተለክቶ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ያን ቀን ስድስት ጊዜ ተጋጨች፤ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ጮኸች።

ይሄን የማወራው ለወግ አይደለም። ልጅ በዓመት ውስጥ ያድጋል። መስከረም ላይ የማይፈቀድለት ጥር ላይ ይፈቀድለታል። ዘንድሮ የሚያብድለት ከርሞ ይሰለቸዋል። ውስጠኛው ክፍል እስከ ስምንት ዓመት ድረስ ነው። ትልቋ በመጪው ጥቅምት ስምንት ትሞላለች። ካርዱን ባድስላት ግማሹን ቦታ የምትጠቀምበት ለአንድ ወር ብቻ ነው። ሻጩ ይሄን አይነግራችሁም፣ እናንተ ግን የልጃችሁን ልደት ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ክረምቱ። እዚህ ላይ ነው የተሸወድኩት። "ዓመቱን ሙሉ" ሲሉኝ በሐሳቤ የመጣው የትምህርት ቤት ዕረፍት ነበር። ሁለት ወር ቤት ተቀምጠው ከሚያሳብዱኝ እዚያ ይዋላሉ ብዬ ነበር። ግን የእኛ ረጅም ዕረፍት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ አዲስ አበባ ሰማይዋ የሚቀደድበት ጊዜ ነው። ሌላ አገር ልጅ የሚዘጋለት በጋ ላይ ነው፤ የእኛ ልጅ የሚዘጋለት ጎርፍ ላይ። ውጭ ያለው ጨዋታ ሁሉ በሸራ ይሸፈናል። ሁሉም ሰው ጣሪያው ሥር ይገባል። በሐምሌዋ አንድ ጉዟችን ለሸርተቴው ሃያ ደቂቃ ተሰለፍን። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው በረዶ ድምፁ የራስን ልጅ ለመጥራት እንኳ አያስችልም። መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ አምፖሎቹንና ካፌውን እንጂ ጃምፒንጉን አያነሳም፤ የተነፋው ቤት ቀስ እያለ ልጆቹ ላይ ተኛ። ማንም አልተጎዳም። ትንሹ እንዲያውም ከሁሉ የወደደው ያንን ነው። ስንወጣ ግን ራይድ የሚያነሳ ጠፋ፣ ታክሲ ሰልፉ እስከ ድልድዩ ነበር።

ከዚያ በላይ ያናደደኝ ሌላ ነው። ግንቦት ላይ ለጥገና ብለው ሦስት ሳምንት ዘጉ። "ቀኑ ይራዘምልናል?" ብዬ ጠየቅኩ። "ኃላፊው ሲመጡ" ተባልኩ። ኃላፊው እስካሁን አልመጡም። እናንተ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ አስይዙ።

ካርዱ ጀርባ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ የማይሠራባቸው ቀኖች ተዘርዝረዋል። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ፋሲካ፣ ሁለቱ ኢዶች። ልጆች የሚያለቅሱልህ ቀኖች ማለት ነው። ሎስ አንጀለስ ላለችው ለአክስቴ ልጅ ሳወራት ሳቀች። ዲዝኒላንድም እንደዚያው ነው አለችኝ። የድሮውን ዓመታዊ ፓስፖርት በፈረንጆቹ 2021 መጀመሪያ አቁመው፣ በዚያው ዓመት ማጂክ ኪይ የሚባል አምጥተዋል። ርካሹን የገዛ ሰው ብዙ ቀን አይገባም፤ በሚፈቀድለትም ቀን አስቀድሞ ቦታ መያዝ አለበት። ጥበቡ አንድ ነው። የእኛው የራሱ ቀልድ ግን አለው። ማብቂያው በፈረንጅ ነው የተጻፈው፤ ሴፕቴምበር 7። በእኛ ጳጉሜን 2 ነው። አሥራ ሦስት ወር ያለው አገር ውስጥ ዓመቱ ከዓመቱ ቀድሞ አለቀ።

እንግዲህ ሒሳቡ። ከዋጋ ጭማሪው በፊት 17 ጊዜ ሄደናል፣ 17,000 ብር። ከጭማሪው በኋላ 7 ጊዜ፣ 9,450 ብር። በጠቅላላ 26,450። የከፈልነው 16,000። አሥር ሺህ ብር አተረፍን ማለት ነው። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየሁት። እሱም እንደልማዱ ወረቀቱን ዝም ብሎ አየና "ካርዱ ባይኖር ስንት ጊዜ እንሄድ ነበር?" አለኝ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ከልቤ ካልኩ ስምንት ጊዜ። ከጭማሪው በፊት ስድስት፣ ከዚያ በኋላ ሁለት። 8,700 ብር። ስለዚህ 8,700 የምናወጣበትን በ16,000 ገዛን። ትርፍ ያልኩት ካልሄድንባቸው ቀኖች ላይ የተቆጠረ ነው።

ያ ብቻ አይደለም። ካርዱ ነፃ ያደረገልን በሩን ነው። ከበሩ ወዲያና ወዲህ ያለው ሁሉ ይከፈላል። ልጆቹ የትምህርት ቤት ሰርቪስ አላቸው፣ ወርሃዊ ክፍያው አይቀርም። መጫወቻ የምንሄድ ቀን ሰርቪሱ ያልፋቸውና አምስት ኪሎ ወዳለው ቤታችን በራይድ እንመለሳለን። ወደ 300 ብር። ቺፕስና ጁስ 350። ካልሲውን ስንጨምርበት በአንድ ጉዞ 700 ያህል ይወጣል። በ24 ስታባዙት 16,800 ነው። ከካርዱ ይበልጣል። ማቀዝቀዣው ላይ ጭረቱን ስለጥፍ የቺፕሱን አልለጠፍኩም።

አሜሪካ ውስጥ ሁለት ኢኮኖሚስቶች የጂም አባላትን አጥንተው በፈረንጆቹ 2006 አሳትመው ነበር። ወርሃዊ አባል የሆነው ሰው ለአንድ ቀን በአማካይ ከ17 ዶላር በላይ ሲያወጣ ተገኘ። የአሥር ጊዜ ቲኬት ቢገዛ ኖሮ በ10 ዶላር ይገባ ነበር። ሰው ሲከፍል የሚያስበው ወደፊት የሚሆነውን ጎበዝ ራሱን ነው። እኔም ጳጉሜን ላይ ያሰብኩት ሐምሌ ላይ በጎርፍ መሃል ሁለት ልጅ የምትጎትት ጀግና ነበር።

መጋቢት ደግሞ ይቆጨኛል። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰሞን ገጥመው ነበር። ቦታው ጭር ብሎ ከረመ። ሰልፍ የለ፣ ግፊያ የለ። እኛ አንድ ጊዜ ብቻ ሄድን፤ ልጆቹ ሰልችቷቸው ነበር። የዚያን ወር እሑዶች እግራችን ወደ ብሔራዊ ሙዚየም አመራ፤ ከቤታችን ቅርብ ነው። ትንሹ ድንቅነሽን ትኩር ብሎ አይቶ "ለምንድን ነው ጥርሷን ሳትቦርሽ የምትቆመው?" አለ። አንድ ቅዳሜ አንድነት ፓርክ ሄድን፤ አንበሶቹን አዩ። የቤተ መንግሥቱን አዳራሽ ግን ትልቋ ይበልጥ ወደደችው። እንጦጦ ስንወጣ ብርዱን ረስቼ ሹራብ ሳልይዝ ቀረሁ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ መሆኑን ጆሯችን ነገረን። ለእነዚህ ሁሉ በሄድንበት ቀን ብቻ ነው የከፈልነው። የተገዛ ካርድ ከቤት ሲጠራህ ግን ሌላ ቦታ መሄድ ገንዘብ መጣል ይመስልሃል። ጥቅምትና ኅዳር፣ ከተማዋ ከሁሉ በምታምርበት ጊዜ፣ እኛ የኳስ ገንዳ ጠርዝ ላይ ነበርን።

ሰሞኑን መልእክት መጣልኝ። የዘንድሮው ቅናሽ ሊጀምር ነው፤ የቤተሰቡ 23,000፣ የአንድ ልጅ ከአጃቢ ጋር 13,000። ለትንሹ ብቻ ልግዛ ብዬ አሰላሁ። እሱና እኔ አንዴ ስንገባ 750 ነው፣ ስለዚህ አሥራ ስምንት ጊዜ መሄድ አለብን። ባለፈው ዓመት ሁለቱም እየጎተቱኝ 24 ከሆነ፣ አንዱ ብቻውን አሥር ቢያስኬደኝ ነው። ቤታችሁ ወይም ትምህርት ቤቱ በእግር የሚደረስበት ከሆነ፣ ልጃችሁ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ከሆነና የምትቀበሉት እናንተው ከሆናችሁ ግዙ፤ መስከረም ላይ ግዙ እንጂ ግንቦት ላይ አትግዙ። እኔ ግን አላድስም። እስከ ጳጉሜን 2 ያለችውን ቀን ግን አልለቅም። ዛሬ ከሰዓት ትንሽ አባርቷል፣ ካልሲው ቦርሳዬ ውስጥ ነው።