ዋይፋይ የሌላት ቡና ቤት፣ ቱሉ ዲምቱ

የጀመራችሁት ጽሑፍ አላልቅ ካለ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለችውን ትንሽዬ ጀበና ቡና ቤት ሞክሯት። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት አካባቢ ናት፤ ከመሀል አዲስ አበባ ለሚመጣ ሩቅ ነው፣ አልዋሽም። ዋይፋይ የለም። ቴሌቪዥንም የለም፣ ተመስገን! ኳስ በሚያሳይ ካፌ ውስጥ አንድ አንቀጽ መጻፍ ዘበት ነው።

እኔ ስልኬን ዘግቼ ቦርሳ ውስጥ እከተዋለሁ። ሰዓት የሚጠብቅልኝ ጀበናው ነው። ፖሞዶሮ የሚባለው ዘዴ 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ ማረፍ ነው አይደል? እዚህ ደግሞ አቦሉን ጠጥቼ ቶናው እስኪፈላ ቀና አልልም፣ አላርም የሚባል ጣጣ የለም፣ ሽታው ራሱ ይጠራል። በረካ ላይ ስንደርስ ረቂቁ ብዙ ጊዜ መልክ ይዟል።

ቅሬታ አለኝ። መቀመጫው ዱካ ነው፣ ወገብ ይጨርሳል። ጠረጴዛ ያለው አንድ ብቻ፣ እሱም ረከቦቱ አጠገብ ስለሆነ የዕጣኑ ጭስ ፊት ላይ ይመጣል። ሶኬት ስለሌለ ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጋችሁ ሂዱ፣ ካልሆነም ደብተርና እስክሪብቶ። ከሰዓት የሰፈሩ እናቶች ይሰበሰባሉ፣ ወሬያቸው ደግሞ ሲጥም! ያኔ መጻፍ የለም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ድረሱ።