ሲስተር፣ እጅሽ ይባረክ!

ጎንደር ውስጥ ነፍሰ ጡር እህት፣ ሚስት ወይም ልጅ የታሰረችባችሁ ሰዎች፣ ይህን ሳታነቡ እንዳታልፉ።

ታናሽ እህቴ ስትያዝ ሆዷ ገፍቶ ነበር። መጀመሪያ የነበረችበት ቦታ ያየነውን ለጠላቴም አልመኝም። የምትተኛው ሲሚንቶ ላይ ነው። ራሴን አመመኝ ስትል «ለመውጣት ነው» ይሏታል። በስንት ልመና የወሰዷት ጤና ተቋምም ያው ነው፤ ምን አድርጋ እንደታሰረች ጠየቋት እንጂ ስለ ሆዷ የጠየቃት የለም። እናታችን እህል አልበላ ብሏት ነበር።

ወደዚህ ወደ ጎንደር ማረሚያ ቤት ከተዛወረች በኋላ ግን ሲስተርን አገኘን። ስሟን አልጽፍም፣ ደስ አይላትም። የሴት ታራሚዎቹን አዋላጅ ነርስ ብትሉ ያገናኟችኋል። ገና ስታያት የፊቷንና የእጇን እብጠት አስተዋለች። ግፊቷን ለካች። «ዓይንሽን ብዥ ይልሻል?» አለቻት። አዎ ስትላት «ዛሬውኑ ሆስፒታል ትሄዳለች፣ ነገ የሚባል ነገር የለም» ብላ አጃቢ ፖሊስ ለምና፣ መኪና አስነስታ፣ አብራት ሄደች። የሕክምናውን ነገር እኔ አልገባኝም፤ ሐኪሙ ግን ብትቆይ ኖሮ ለእሷም ለልጁም አስጊ ነበር ብሎናል።

ምጧ ሲመጣ ደግሞ አጃቢው አንድ እጇን ከአልጋው ብረት ጋር አሰረው። ሲስተር አልጮኸችም። «ወንድሜ፣ ምጥ የያዛት ሴት የት ትደርሳለች? ፍታላት፣ እኔ አለሁ» አለችው። ፈታላት። ካቴናው ያቀላውን አንጓዋን ይዛ ቀስ እያለች አሸችላት፣ «አይዞሽ የኔ እናት፣ ማርያም ትቅረብሽ» እያለች። እኔ ይህን እስክሞት አልረሳውም። በ2010 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው፣ ስለ ሴት እስረኞች አያያዝ የሚናገረው የባንኮክ ደንብ በምጥ፣ በወሊድና ወዲያው ከወሊድ በኋላ እናትን ማሰር እንደሚከለክል ያወቅኩት ከእሷ ነው። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው በሐኪሙ የመጎብኘት መብት አለው ይላል። ይህን ማን ነገረን?

ገንፎ ይዤ ስመጣም በር ላይ ቅመሺ፣ ቆይ እየተባለ ሲጉላላ ራሷ ወጥታ ትኩሱን አስገባችልኝ። እንዲህ ያለ ሰው አለ!

እባካችሁ ዝም አትበሉ። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም እብጠት ካለ ሲስተር ትየኝ ትበል፣ እናንተም በር ላይ ጠይቁላት። የክትትል ካርዷንም ከቤት ፈልጋችሁ ውሰዱላት፤ ሲስተር መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።