ፕላኔት ደርሶ ፍሬን መያዝ፦ በነዳጅ፣ በአየር ወይስ በአዮን ሞተር?

ወደ ሌላ ፕላኔት የተላከ መንኮራኩር ደርሶ ፍሬን ካልያዘ ፕላኔቷን አልፏት ይሄዳል። ፍሬኑ እንዴት ይያዝ የሚለው ጥያቄ ካሜራና አንቴና ከመመረጣቸው በፊት ቢመለስ ይሻላል፤ ክብደቱንም፣ ሥራ የሚጀምርበትን ቀንም፣ የሚዞርበትን ከፍታም የሚወስነው እሱ ነውና። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በነዳጅ ብቻ መቆም ፈጣኑ ነው። የኤምሬቶቹ አል አማል በ2021 ማርስ ሲደርስ ስድስት ሞተሮቹን 27 ደቂቃ አንድዶ በአንዴ ምህዋር ገባ፤ የነዳጁ ግማሽ ያህል ግን ያኔውኑ አለቀ። የአየር ንብረቱን ከሩቅ ስለሚከታተል ከ20,000 ኪሎ ሜትር ዝቅ ማለት አላስፈለገውም፤ ስለዚህ አዋጥቶታል። ስጋቱ ሁሉ ነገር በአንድ ቀን ላይ መንጠልጠሉ ነው። የጃፓኑ አካትሱኪ በ2010 ቬነስ ደርሶ ዋናው ሞተር ስለከዳው አልፏት ሄደ። አምስት ዓመት ፀሐይን ሲዞር ከቆየ በኋላ በ2015 ምህዋር ያስገቡት አቅጣጫ ማስተካከያ የሆኑት ትናንሽ ሞተሮቹ ናቸው። የዚያ ቡድን ትዕግሥት እስካሁን ያስደንቀኛል።

በአየር ፍሬን የሚይዝ ነዳጅ ቆጥቦ ጊዜ ይከፍላል። ሞተሩ መጀመሪያ መንኮራኩሩን በጣም የተለጠጠ ምህዋር ውስጥ ያስገባዋል፤ ከዚያ በየዙሩ ለፕላኔቷ ሲቀርብ የከባቢ አየሩን ጫፍ ይነካል። አየሩ በሰፋፊዎቹ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች ላይ ሲያርፍ ፍጥነቱ በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሳል። ማርስ ሪኮኔይሰንስ ኦርቢተር በ2006 ሲደርስ አንዱ ዙር 35 ሰዓት ይፈጅበት ነበር፤ በአምስት ወር ገደማ አየሩን 426 ጊዜ ነክቶ ዙሩን ከሁለት ሰዓት በታች አወረደው። ከእሱ የቀደመው ማርስ ግሎባል ሰርቬየር ግን አንዱ ሰሌዳው ተጎድቶ ስለነበር ቀስ እያለ ለመውረድ ተገደደ፤ በ1997 ደርሶ የታቀደለትን ምህዋር የያዘው በ1999 ነው። የአቧራ ማዕበል ሲነሳ የማርስ አየር ወደ ላይ ያብጣል፤ ስለዚህ በእነዚያ ወራት ሌት ተቀን የሚከታተል ቡድን ምድር ላይ ያስፈልጋል፣ ደመወዙም ከመጀመሪያው በጀት ይያዝለት። ሜርኩሪ ላይ ይህ ምርጫ የለም፤ የሚነካ አየር የላትምና።

የአዮን ሞተር የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን የጋዝ ቅንጣቶች (አዮኖች) ወደ ኋላ እየተፋ የሚገፋ ሞተር ነው። ግፊቱ መዳፍ ላይ ያረፈ ወረቀት ክብደት ያህል ነው፤ ግን ለዓመታት ይገፋል። የናሳው ዶውን በማርስና በጁፒተር መካከል ካሉት ትናንሽ አካላት ወደ አንዷ፣ ወደ ቬስታ፣ በ2011 ደርሶ ዞራት፣ ለቅቋት ሄዶም በ2015 እዚያው አካባቢ ያለችውን ሴሬስን መዞር የጀመረው በእሱ ነው። ለቸኮለ አይሆንም።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ሳይንቲስቶቹ ምን ያህል መቅረብ እንደሚፈልጉ ነው። መልሳቸው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሆነና ፕላኔቷ አየር ካላት በአየር መቆምን እመርጣለሁ፤ ከነዳጅ የተረፈው ክብደት ለተጨማሪ መሣሪያ ይውላል። ሰሌዳዎቹና ማጠፊያዎቻቸው ግን ከንድፉ ጀምሮ ለዚያ ጫና ታስበው ይሠሩ።