«ለሁሉም ቮልስ ይሆናል» የተባልኩት ቤንዚን ፖምፓ

አዲሱ የቤንዚን ፖምፓ ሰባት ወር ሠራልኝ። በሰባተኛው ወር ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ ዘይት ለቀቀው። ቮልስ የያዛችሁ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ሁለትና ሦስት ሳምንት ሳላውቅ ብነዳት ኖሮ የአባቴን ሞተር ገድዬው ነበር፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር አሁንም ሆዴ ይባባል።

መኪናዋ በፈረንጅ የ1969 ሞዴል ናት፤ ባለ 1300 ሞተር፣ ውኃ ሰማያዊ። አባቴ ድሬሰር (የጤና ረዳት) ነበሩ፤ ደምበጫም ሆነ ቢቸና፣ ሞጣም ሆነ ሌላ በተመደቡበት ሁሉ ይዘዋት ዞረዋል። ጠጠር መንገድ ላይ ያረጀች መኪና ናት። አሁን ደብረ ማርቆስ ነው ያለነው፤ እሳቸው ሰማንያ ሊደፍኑ ነው፤ የምነዳትም የማሠራትም እኔ ነኝ። አብሯት የመጣው ፖምፓ እስከ ዓምና ድረስ አገልግሎ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከሥሩ ቤንዚን ማንጠባጠብ ጀመረ።

መካኒካችንን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። አይተውት፣ «ይሄ በስድስት ትንንሽ ብሎን የሚከፈት ነው፤ ያረጀችው ውስጡ ያለችው ስስ ጎማ ናት። ጎማዋን ፈልግና አምጣልኝ፤ ሌላው ብረቱ ደህና ነው» አሉኝ። እኔ ጎማ ፍለጋ መንከራተቱን አልወደድኩትም። ለሥራ አዲስ አበባ ስወርድ ሶማሌ ተራ ጎራ አልኩና አንዱ ሱቅ በካርቶን የታሸገ አዲስ ፖምፓ አወጣልኝ። የሚያብረቀርቅ፣ ቀላል፣ ዙሪያውን ተጨፍልቆ የተዘጋ። «የኔው ባለ ዲናሞ፣ የድሮው ዓይነት ሞተር ነው፤ ይሆነዋል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ለሁሉም ቮልስ ይሆናል። ዓይንህን ጨፍነህ ግጠመው» አለኝ።

ማርቆስ ስመለስ ጋሼ ለለቅሶ ፍኖተ ሰላም ሄደው ነበር። አልጠበቅኳቸውም። ሁለቱን ዳዶ በ13 ቁልፍ ፈታሁ፣ አሮጌውን አነሳሁ፣ ከሥሩ የነበሩትን ወፋፍራም የወረቀት ጓርኒሲዮኖች (ማሸጊያዎች) ፍቄ ጣልኩ፣ ከአዲሱ ጋር የመጣችውን አንዲት ስስ ጓርኒሲዮን አንጥፌ አሰርኩት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። መኪናዋም በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች።

ከዚያ በኋላ ስላሉት ስድስት ወራት ብዙ የምለው የለኝም። በብርድ ጠዋት ሳታስቸግር ትነሳ ነበር። ግን ምልክቱ ከመጀመሪያው ነበረ፤ ሞተሩ ሲሞቅ አጥፍቼ ለማስነሳት ስሞክር ታስቸግረኛለች፣ ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ቤንዚን መብላቷም ጨምሯል። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «ማርቆስ ከፍታ ነው፤ አየሩ ስስ ነው፤ ሁሉም ባለ ካርቡሬተር መኪና እዚህ ቤንዚን ያበዛል» ይለኝ ነበር። ነገሩ ውሸት አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ አየር ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል። እውነት ስለሆነም አመንኩና ሌላ መፈለግ ተውኩ። ያቺው መኪና በዚሁ ከፍታ፣ በዚሁ ካርቡሬተር ያን ሁሉ ዘመን ያለ ጥቁር ጭስ እንደኖረች ግን አላሰብኩም።

ሚያዝያ ላይ አባቴን ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ ወስጄ አብረን ስንመለስ ነገሩ ዓባይ በረሃ ላይ ፈነዳ። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስንወርድ ደህና ነበረች። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን ሽቅብ ስንያያዝ፣ በሁለተኛ ማርሽ እየጎተተች፣ ሙቀቱ ከታች እንደ ምድጃ እየጋረፈን፣ ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ተንተፋተፈችና ጠፋች። ድንጋይ ከጎማዋ ሥር አደረግሁ። አባቴን ከመኪናው ጥላ ሥር አስቀመጥኳቸው። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቆሞ ውኃ ሰጠን፤ «ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ፈልቶ ነው፤ ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣልበት» አለኝ። ጣልኩበት። ግማሽ ሰዓት ቆይታ ተነሳች። እንደገና አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳ ጠፋች፤ እንደገና ጨርቅ፤ ደጀን የደረስነው ሲመሽ ነው። አባቴ በመንገዱ ሁሉ ምንም አላሉም። ደጀን ሻይ ይዘን ስንቀመጥ ብቻ፣ «ይህን ዳገት በአሮጌው ፖምፓ ስንት ጊዜ ወጥቼዋለሁ፤ በሙቀት ብቻ ቆማ አታውቅም» አሉኝ።

በማግሥቱ ጋሼ ዘንድ አደረስኳት። እሳቸው ግን ፖምፓውን አላዩም፤ መጀመሪያ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዘዙ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ወደ ላይ ወጥቷል። ጣታቸው ላይ አስነክተው አሹት፤ እንደ ዘይት አልተለጠጠም፣ እንደ ውኃ ወረደ። አፍንጫዬ ሥር አመጡልኝ። ቤንዚን ነው። «ዘይት ሲቀንስ አይተሃል፤ ሲጨምር አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

የቮልስ ሞተር የሚይዘው 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ነው። የዘይት ፊልትሮ እንኳ የለውም፤ ከሥር ያለች ወንፊት ናት ያለችው። ያቺ 2.5 ሊትር ናት ሞተሩን የምታለሰልሰውም፣ ሙቀቱን የምታግዘውም። ቤንዚን ሲገባባት ትቀጥናለች፤ የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት አይለይም። ዳገት ላይ በዚያ ሙቀት የሄድኩባትን እያንዳንዷን ኪሎ ሜትር ቆጠርኩ።

ጋሼ ግን አልቸኮሉም። ቤንዚን በሌላ መንገድም ዘይት ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ የካርቡሬተሩ መዝጊያ መርፌ ካልዘጋ በሲሊንደሩ በኩል ይወርዳል። ስለዚህ ወደ ካርቡሬተር የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ነቅለው ጠርሙስ ውስጥ አስገቡት፤ ሞተሩ እንዳይነሳ ቦቢናውን ነቀሉና እኔ በሞተሪኖ (በማስነሻው) አዞርኩ። በየምቱ ደህና መርጨት ሲገባው፣ ትንሽ ትንሽ እየተፋ መጣ። ከዚያ ፖምፓውን ፈትተው አወጡ፤ ከሰልባትዮ (ከቤንዚን ማጠራቀሚያው) የሚመጣውን ቱቦ ሳይነቅሉ፣ የካርቡሬተሩን መውጫ በአውራ ጣታቸው ደፍነው የፖምፓውን መግፊያ ምላስ በሌላው እጃቸው ደጋግመው ገፉት። ቤንዚኑ ከሥሩ ወጥቶ በክንዳቸው ላይ ወረደ። ውስጧ ያለችው ስስ ጎማ ተቀድዳለች።

ለምን ተቀደደች? መልሱን ያገኘነው በመለኪያ ነው። የቮልስ ፖምፓ ኤሌክትሪክ የለውም። ዲስትሪቢውተሩን የሚያዞረው ዘንግ ላይ ካለች እብጠት ላይ አንዲት ቀጭን የብረት በትር ትቆማለች፤ ሞተሩ ሲዞር በትሯ ከፍ ዝቅ ትልና የፖምፓውን ምላስ ትገፋለች። ምላሱ ጎማዋን ሲስባት ከፊት ካለው ሰልባትዮ ቤንዚን ይመጣል፤ ሞላው ሲመልሳት ቤንዚኑ ወደ ካርቡሬተር ይሄዳል። በትሯ ከፍ ብላ ስትጨርስ ከመቀመጫው በላይ፣ ጓርኒሲዮኖቹ ከተነጠፉ በኋላ፣ 13 ሚሊ ሜትር ብቻ መውጣት አለባት። ጋሼ የዲናሞውን ዳዶ በ21 ቁልፍ ይዘው ሞተሩን በእጅ ቀስ አድርገው አዞሩ፤ በትሯ ከፍ ብላ ስትቆም በካሊፐር ለኩ። 15 ሚሊ ሜትር ወጣች።

ሁለት ሚሊ ሜትር ናት። ያቺ ሁለት ሚሊ ሜትር በየዙሩ ሞላውን ከልኩ በላይ ትጨምቀዋለች፣ ጎማዋን ከልኳ በላይ ትስባታለች። የቤንዚኑ ግፊት 3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ መሆን ሲገባው ከዚያ ያልፋል፤ መርፌዋ መዝጋት ያቅታታል፤ ካርቡሬተሩ ይጥለቀለቃል። ያ ጥቁር ጭስ ከዚያ ነበር የመጣው፤ የማርቆስ ከፍታ በሐሰት ተከሰሰ። ስድስት ወር ሙሉ እንዲህ የተሳበች ጎማ በሰባተኛው ወር ዓባይ ዳገት ላይ ለቀቀች።

ሻጩ አሁን ፊቴ ቢቆም የሚለኝን አውቀዋለሁ። «አገጣጠምህ ነው» ይለኛል። አዎ፣ የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ወፋፍራሞቹን ጓርኒሲዮኖች የጣልኩትም እኔ ነኝ፤ አልክድም። ግን ወንድሜ፣ ካርቶኑ ውስጥ አንዲት ስስ ወረቀት ብቻ አስገብቶ «ዓይንህን ጨፍነህ ግጠመው» ያለኝ ማን ነው? ስለ በትሯ አንድ ቃል ያልነገረኝ ማን ነው? ቮልስ ሁሉ አንድ መኪና ቢሆን ባልተናገርኩ። ይህች መኪና በፈረንጅ ከ1938 ጀምራ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ ወጣችበት እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ሞተሩም ፖምፓውም ተለዋውጧል። ባለ ዲናሞው ሞተር በትር 108 ሚሊ ሜትር ነው፤ በኋላ የመጣው ባለ ኦልተርኔተር ደግሞ 100 ሚሊ ሜትር። የፖምፓው ቅርጽም ይለያያል። «ለሁሉም ይሆናል» የሚባል ነገር የለም። ይህን የማያውቅ ሰው መሸጡ አይገርመኝም፤ የሚያሳዝነኝ ሳያውቅ በእርግጠኝነት መናገሩ ነው።

በትሯን ልክ 13 ሚሊ ሜትር ላይ አድርጌ ገጥሜው ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ይሠራ እንደነበር እገምታለሁ። ቢሆንም መልሼ አልገዛውም። ምክንያቴ ሌላ ነው፤ ዙሪያው ተጨፍልቆ የተዘጋ ስለሆነ ጎማዋ ስትቀደድ ሙሉው ይጣላል። ጋሼ በካቻቢቴ ጫፍ ዞረው ዞረው መክፈቻ ሲያጡ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና እጃቸውን ጠረጉ። ሌላ የሚባል ነገር አልነበረም።

እኔን ያዳነኝ አሮጌውን አለመጣሌ ነው። የእህቴ ልጅ ከጀርመን ሲመጣ የጎማና የጓርኒሲዮን ስብስብ አምጣልኝ አልኩት፤ መዳፍ በምታህል ፌስታል የምትገባ ነገር። ጋሼ ስድስቱን ብሎኖች ፈቱ፣ ውስጡን በቤንዚን አጠቡ፣ አዲሷን ጎማ አስቀመጡ፣ ከዚያ ከጓርኒሲዮን ወረቀት አንድ ሁለት እየቆረጡ እየደረቡ፣ እያዞሩ እየለኩ፣ በትሯን 13 ላይ አቆሟት። ግማሽ ቀን ፈጀ። ዘይቱን ቀየርን፤ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነድተን እንደገና ቀየርነው። በዚያው ላይ ጋሼ ከሞተሩ በላይ ተንጠልጥላ የነበረችውን የቤንዚን ፊልትሮ አንስተው ከፊት ሰልባትዮው ሥር አዛወሯት፣ የጎማ ቱቦዎቹንም ሁሉ በፋሼታ (በማጥበቂያ ቀለበት) አሰሩ። ቮልስ የያዛችሁ ይህን አድርጉ፤ ትኩስ ሞተር ላይ የሚንጠባጠብ ቱቦ መኪና ያቃጥላል።

ይኸው ሦስተኛ ወር ሆናት። ጥቁር ጭሱ የለም። ሞቃ ሳለች አጥፍቼ ወዲያው አስነሳታለሁ። ባለፈው ሳምንት ደጀን ወርደን ተመለስን። እሑድ እሑድ አባቴን ቤተ ክርስቲያን አድርሼ ስመልሳቸው፣ በር ላይ ሞተሩን ሳጠፋ፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደ ኋላ ይዞራሉ፣ ክዳኑን ይከፍታሉ፣ የዘይት መለኪያዋን መዝዘው ያሸታሉ። ከዚያ ለእኔ ያቀብሉኛል፤ እኔም አሸታለሁ።