ለአራት ኪሎው የካሜራ ጠጋኝ፣ ለጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ካሜራ ያላችሁ፣ በተለይ ደግሞ ክረምቱ ካሜራችሁን የበላባችሁ፣ ይቺን ጽሁፍ አንብቡልኝ። ትንሽ ትረዝማለች። ሁለት ቦታ ተንገላትቼ ሦስተኛው ላይ ነው ሰው ያገኘሁት።

ነገሩ የተጀመረው በጨዋታ ነው። አምስት የድሮ የክፍል ጓደኛሞች በየሳምንቱ አንድ አንድ ፎቶ ልናነሳ ተወራረድን። የተፈጥሮ ፎቶ መሆን አለበት። ከቤት ከመቶ እርምጃ በላይ መራቅ አይቻልም። እሁድ ማታ ያላስገባ ማኪያቶ ይጋብዛል። ጊዜው ዘመን መቁጠሪያችን ክረምት ብሎ የያዘው ነው፤ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25።

ቤቴ ግንፍሌ ነው። «እዚያ ደግሞ ምን ተፈጥሮ አለ?» ብለው ስቀውብኝ ነበር። ሐምሌ ይግባና ኑ! ቀንድ አውጣው ግድግዳውን ይወጣል፣ የድንጋይ አጥሩ አረንጓዴ ይለብሳል። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ የእናቴ ጎመን ላይ ጎንበስ በሉ። ውሃው ቅጠሉን አያርሰውም። ዶቃ ዶቃ ሆኖ ይቀመጣል። ነካ ሲያደርጉት ይንከባለልና መሃል ላይ ካለው ጋር ይገጥማል። ቀረብ ብላችሁ ካያችሁ አንዷ ጠብታ ውስጥ የቤታችን ቆርቆሮ ተገልብጦ ይታያል። ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ደመና ስለሆነ ብርሃኑ ለስላሳ ነው። እናቴ ግን «እሱን ከምታነሺው ቀንጥሰሽ ብታመጪልኝ ይሻል ነበር» ትለኛለች።

ካሜራው የወንድሜ ነበር። አሮጌ ኒኮን ነው። ውጭ ሲሄድ «አንቺ ጋ ይቀመጥ» ብሎ ትቶልኝ ሄደ። እኔም እንደ አደራ ዕቃ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ቦርሳው ውስጥ ከትቼ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት ኖርኩ። ለካ የገደልኩት እንዲያ ስጠብቀው ነው።

አራተኛው ሳምንት ላይ ፎቶው ሁሉ ጭጋግ ሆነብኝ። መጀመሪያ የእውነት ጭጋግ መስሎኝ ነበር፤ ሐምሌ አይደል? ፀሐይ ወጥታም ያው ጭጋግ ነው።

የመጀመሪያው ቦታ ስሙን አልጠራም። ቀብድ 1,500 ብር ተቀበሉኝና «ነገ ነይ» አሉኝ። ነገ ሄድኩ። «ሰኞ።» ሰኞ ሄድኩ። «ሠራተኛው ለቅሶ ሄዷል።» እንዲህ እያልን ሦስት ሳምንት አለፈ። የቡሄ ልጆች በራችን ላይ ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ ካሜራዬ እነሱ ጋ ነበር። በመጨረሻ ሲመልሱልኝ ሌንሱ ሲዞር አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ይጮሃል። ጸዳ የተባለው መስታወት ላይ የሰው ጣት ታትሞበታል። ቀብዴስ ስል «እሱ የምርመራ ነው» ተባልኩ። ምን አይነት ምርመራ ነው ጣት አሻራ ትቶ የሚሄድ?

ሁለተኛው ደግሞ ሳይከፍተው «ይሄ ሞቷል» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለዕቃ ከሆነ 2,000 ልስጥሽ» አለ። የሞተ ነገር ምን ያደርግለታል? ተናድጄ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ እንባዬ መጣ፤ ለወንድሜ ምን ብዬ እንደምነግረው እያሰብኩ።

ጋሼን የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። «ሰው ከበዛብኝ ሥራው ይበላሽብኛል» ነው የሚሉት። ቦታቸው ሱቅ ለማለት ይከብዳል። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት፣ ግድግዳው ሙሉ ሆዳቸው የተከፈተ ካሜራዎች። ሙያውን የያዙት በፊልም ዘመን፣ ፒያሳ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ፒያሳ ሲፈርስ ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ አራት ኪሎ መጡ።

ካሜራውን ሳይነኩት «ምን ታነሺበታለሽ?» አሉኝ። አፈርኩ። ሠርግ የለ፣ ልደት የለ። «ጎመን» አልኳቸው። አልሳቁም። «ጠብታ ያለበት? እሱ ጥሩ ነገር ነው። ጠዋት ነው ወይስ ማታ የምታነሺው?» አሉኝ። እኔ በዚህ ጥያቄ ብቻ ተሸነፍኩ።

ሌንሱን ነቅለው በእጅ ባትሪ አበሩበት። «ነይ እይው ልጄ።» ከጠርዙ ተነስቶ ወደ መሃል የሚሄድ ነጭ ክር አየሁ። ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ አውጥቷል። ሻጋታ ነው! ተፈጥሮን በግቢው ስፈልግ ለካ ሌንሴ ውስጥ በቅላ ተቀምጣለች። «ሳላጸዳው አንሺው እንጂ» አሉኝ፤ በስልኬ አነሳሁት። የስምንተኛው ሳምንት ፎቶዬ እሱ ሆነ። (ቤት ውስጥ የበቀለ ነው ብዬ ተከራክሬ አሳለፉልኝ።)

በቀጣዩ ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ ሄድኩ። ገና አላለቀም ነበር። እኔ ለመመለስ ስነሳ «ነገ እሁድ አይደል እንዴ? ተቀመጪ» አሉኝ። የእሁዷን ነገር አልረሱም! ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ዘግተው ሄዱ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ምን እንዳደረጉ አትጠይቁኝ፤ ፈቱ፣ ጠረጉ፣ የሚሸት ነገር ቀቡ፣ እንደገና ገጠሙ። እዚያኛው ቤት የጣሉትን አንድ ብሎን ከመሳቢያቸው ፈልገው ተኩልኝ። ሲጨርሱ 1 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከዚያ በሩ ላይ አቁመውኝ ከቆርቆሮው ጫፍ የሚወርደውን ውሃ አሳዩኝ። «እስቲ ሞክሪው።» ጠብታዋ ልትለቅ ስትል፣ የመንገድ መብራቱ ውስጧ ሆኖ፣ ጥርት ብላ መጣች። የመቶ እርምጃው ሕግ ባይኖር ለዘጠነኛው ሳምንት አስገባት ነበር።

የጠየቁኝ 900 ብር ነው። «ብሎኑስ?» ስላቸው «እኔ ብሎን አልሸጥም» አሉኝ።

ምክራቸውንም ልንገራችሁ። ክረምት ላይ ካሜራ ቦርሳ ውስጥ አፍናችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አትቆልፉበት። በደንብ የሚከደን የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚወጣውን እርጥበት የሚመጥ ትንሽ ከረጢት አብራችሁ ክተቱ። ብርድ ላይ አንስታችሁ ሙቅ ቤት ስትገቡ ደግሞ ካሜራውን ወዲያው ከቦርሳው አታውጡት። እዚያው ቆይቶ ይሙቅ፤ አለበለዚያ ያልበዋል።

አሁንም እላችኋለሁ፣ ሌላ ቦታ ሄዳችሁ አትቃጠሉ። ካሜራችሁ ቢሞትም ባይሞትም መጀመሪያ ጋሼ ይዩት። የማይሠራ ከሆነ አይሠራም ይሏችኋል፣ አያመላልሷችሁም። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ብቻ ሁላችሁም በአንድ ቀን እንዳትሄዱባቸው።

አደይዋ ወንዙ ዳር፣ ከቤቴ 80 እርምጃ ላይ ፈንድታለች። ፎቶዋን አሳትሜላቸዋለሁ፤ ቅዳሜ ልወስድላቸው ነው። አብሮኝ የሚሄድ ካለ 10 ሰዓት ላይ አራት ኪሎ፣ ድል ሐውልቱ ጋ እጠብቃለሁ።