ሱሬንቱም ወይስ ፕላናሲያ? የአግሪጳ ፖስቱሙስ ሁለት ግዞቶች

አውግስጦስ ቄሳር በ4 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የእንጀራ ልጁን ጢባርዮስንና የገዛ ልጅ ልጁን አግሪጳ ፖስቱሙስን አንድ ላይ በማደጎ ልጅነት ተቀበለ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ግን ወጣቱን በጠባዩ አሳቦ ካደው።

የመጀመሪያው ማረፊያ ሱሬንቱም ነበረች፤ በኔፕልስ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ የሮም ባለጸጎች ቪላ የሚሠሩባት ከተማ። ይህ የቤተሰብ ቅጣት ነው፦ አባት ልጁን ከቤቱ ያስወጣል፣ ከውርስ ይነቅለዋል። ቁጣው ከበረደ መመለስ ይቻላል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፤ ከዋናው ምድር ያልተለየ ወራሽ ለማንም አኩራፊ ቅርብ ነው። ልጁ ራሱ ግን ዓሣ ማጥመድ ይወድ ነበር፣ ራሱን ኔፕቱን ብሎ እስከ መጥራት ድረስ!

ቀጥሎ የተወሰደባት ፕላናሲያ ግን የመንግሥት ቅጣት ናት። የዛሬዋ ፒያኖሳ ከጣሊያኗ ደሴት ከኤልባ ደቡብ ምዕራብ ያለች፣ ስፋቷ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከፍታዋ 30 ሜትር የማይሞላ ለጥ ያለች ደሴት ናት። ዙሪያው ወታደር ነው፤ ግዞቱ ለዘለቄታው እንዲሆን ሴኔቱ ወሰነ፣ ሀብቱም ለወታደሮች ጡረታ ወደ ቆመው ግምጃ ቤት ገባ። ከዚህ በኋላ የአባት ምሕረት ብቻውን አይበቃም።

ከማምለጥ አንጻር ደሴቲቱ የበለጠ ትይዛለች። አውግስጦስ ነሐሴ 19 ቀን 14 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሲሞት ክሌመንስ የተባለ የአግሪጳ ባሪያ ጌታውን ሊያስመልጥ በጭነት መርከብ ተነሣ፤ መርከቡ አዝጋሚ ስለነበር ሲደርስ አግሪጳ ተገድሎ አገኘው። ለገዳዮቹ ግን ደሴቲቱ ምቹ ነበረች፦ ለጠባቂዎቹ አንድ ትእዛዝ በቃ። አውግስጦስን የተካው ጢባርዮስ ትእዛዙ የእኔ አይደለም አለ።