ጥርሴን አይታ ህመሜን ላወቀችልኝ ዶክተር

ሰላም ወገኖቼ፣ አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያላችሁ እስኪ ይቺን አንብቡልኝ። ጥሩ የጥርስ ሀኪም ለምትፈልጉ አንዲት የኛ ልጅ ልጠቁማችሁ፣ እኔ ለጥርስ ብዬ ሄጄ ነው ነፍሴ የተረፈው።

ስድስት አመት ሙሉ ቡሊሚያ የሚባል የአመጋገብ ህመም ነበረብኝ፣ ያኔ ስሙን እንኳን አላውቀውም። ማታ ሰው ሲተኛ ፍሪጅ ከፍቼ ያገኘሁትን፣ የቀዘቀዘ ወጥ ሳይቀር፣ ሆዴ እስኪወጠር እበላለሁ፣ ልተው ብል እጄ አይታዘዘኝም፣ ከዛ ሽንት ቤት ገብቼ ድምጽ እንዳይሰማ ቧንቧ ከፍቼ አስመልሳለሁ። ማንም አልጠረጠረም፣ አልከሳሁማ! ብዙ ቡሊሚያ ያለበት ሰው ኪሎው ኖርማል ነው። ጉንጬ ሞላ ሲል እንደውም "ተመችቶሻል" ይሉኝ ነበር፣ ለካ ከማስመለሱ ብዛት የምራቅ እጢዬ አብጦ ነው። ጾም ሲመጣ ደግሞ ይብስብኛል፣ ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆዴን ውዬ ማታ አልችለውም።

ዶክተሯ የላይኛውን ጥርሴን በውስጥ በኩል በመስታወት አየችና ዝም አለች። ረዳቷን አስወጣች፣ ጓንቷን አወለቀች፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ በአማርኛ ቀስ ብላ "የኔ እህት፣ ቶሎ ቶሎ ያስመልስሻል እንዴ? እንዲህ አድርጎ ጥርስ የሚበላው የሆድ አሲድ ነው" አለችኝ። አለቀስኩ። አልተቆጣችኝም፣ ምክርም አላበዛችብኝም። ካስመለሰሽ ወዲያው አትቦርሺ፣ በውሃ ተጉመጥመጪ፣ ደምሽ ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ግን ዛሬውኑ ተመርመሪ፣ እሱ ሲወርድ ልብ ያስቆማል አለችኝና እዛው ሆና ሀኪሜ ጋ ደወለችልኝ። እውነትም ወርዶ ተገኘ።

ከዛ በሀኪሜ በኩል ቴራፒስት አገኘሁ፣ ሲቢቲ የሚባለውን፣ አስተሳሰብንና ልማድን በንግግር የሚቀይር ህክምና በየሳምንቱ እየሄድኩ በጠቅላላው 20 ጊዜ ተመላለስኩ፣ ፍሉኦክሴቲን የሚባል መድሃኒትም ታዘዘልኝ። ቴራፒስቷ መጀመሪያ ያስያዘችኝ ነገር ቁርስ ምሳ እራት መክሰስ ሳልዘል በሰአቱ መብላት ነው፣ ለካ ማታ የሚያስነሳኝ የቀኑ ረሃብ ነበር። ጾሙንስ እንዴት ላድርግ ብዬ ፈርቼ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው "ልጄ፣ አንቺ በሽተኛ ነሽ፣ እስክትድኚ ብዪ" አሉኝ፣ እድሜ ይስጥልኝ። አሁንም አንዳንድ ማታ ይፈትነኛል፣ ግን ከተኛሁበት ሳልነሳ የሚነጋበት ሌሊት በዝቷል።

እንደኔ ተደብቃችሁ የምትሰቃዩ እህቶች፣ ወንዶችም ብትሆኑ፣ እናንተንም ይይዛችኋልና፣ ጻፉልኝ፣ የዶክተሯንም የቴራፒስቷንም ስም በኢንቦክስ እሰጣለሁ። እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ሆስፒታል ስትሄዱ አስተርጓሚ በነጻ ጠይቁ፣ አትፈሩ። ዶክተሯ ቅዳሜም ትሰራለች።